የተላገ የቆዳ ክር ፍለጋ ቱሉ ዲምቱ ድረስ

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ጠርዝ በቆዳ ክር የምትሰፉ ከሆነ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ታፔላ የሌላት የቆርቆሮ ቤት አለች። እዚያ የሚሠራው ክር እስከ ዛሬ ከገዛሁት ሁሉ ይበልጣል። ቀጠሮ ማክበር ግን አይሆንላቸውም። ሁለቱንም እያወቃችሁ ሂዱ።

አሁን ጊዜ ላላችሁ።

እኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ልባስ እሠራለሁ። አንዳንዴ ዋሌት፣ አንዳንዴ የፎቶ አልበም። ሱቅ የለኝም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ሳሎን ውስጥ ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ «ማስቲሹ አናቴ ላይ ወጣ» ሲለኝ ወደ በረንዳ እሰደዳለሁ። ጠርዙን በስፌት ማሽን አልነካውም፤ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የቆዳ ክር እየጠለፍኩ ዙሪያውን እዞረዋለሁ። ደንበኞቼ የሚወዱልኝ እሱን ነው። አያቶቻችን ዳዊታቸውን የሚከቱበትን የቆዳ ማኅደር ያስታውሳቸዋል መሰለኝ፣ ምንም እንኳ የማኅደሩ ስፌት ሌላ ቢሆንም።

ችግሬ ሁልጊዜ ክሩ ነበር።

ለዓመታት ከመርካቶ ገዝቻለሁ። የትኛው ሱቅ እንደሆነ ይቅር። በጥቅል ነው የሚሸጡት፣ ቀለሙ ያምራል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ግን ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፣ አንዱ ጋ 3 ሚሊ የነበረው ሁለት ክንድ አለፍ ብሎ 4 ይሆናል፣ ቀለሙ ደግሞ ላዩ ላይ የተቀባ እንጂ ውስጡ ድረስ የገባ አይደለም። ባለፈው ዓመት ለሙሽሮች ስጦታ የተሠራ ልባስ በሁለት ወሩ ተመለሰልኝ። ጠርዙ እንደ ደረጃ ቆሟል፣ በጣት ሲዳሰስ ይቆረቁራል፣ ማዕዘኑ ላይ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ነጩ ወጥቷል። ያመጣችው ልጅ ክፉ ቃል አልወጣትም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ዝም ብላ ታየኝ ጀመር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህችን ቤት የጠቆመችኝ ጫማ የምትሠራ ወዳጄ ናት። «ክር የሚልጉ ሽማግሌ አሉ» አለችኝ። የሚላገው እንጨት ነው እንጂ ቆዳ ይላጋል እንዴ ብዬ፣ ግማሽ እየሳቅሁ ሄድኩ።

ይላጋል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የቆዳ ክር ሁለት ወገን አለው። የፀጉር ወገን ለስላሳውና የሚታየው ነው፣ የሥጋ ወገን ሻካራውና የሚደበቀው። ስትጠልፉ እያንዳንዱ ዙር ከጎኑ ያለው ላይ ትንሽ ይደረባል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ከሆነ አንዱ ባንዱ ላይ ይወጣና ይቆማል፣ መሃል ላይም ክፍተት ይቀራል። በሥጋው ወገን ያሉት ሁለቱ ጠርዞች በሰያፍ ከተላጉ ግን ዙሩ ከጎረቤቱ ሥር ሹልክ ብሎ ይተኛል። መሶብ የሰፋች ሴት ይሄ ወዲያው ይገባታል። አለላው ካለላው ተጠጋግቶ እንደሚቀመጠው ነው። እጃችሁን ብታሳልፉበት አይዝም።

ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው የጠፍር አልጋ ይጠፍሩ ነበር። የበሬውን ቆዳ ዙሪያውን እየዞሩ ሲተለትሉት ሳይበጠስ እስከ እምብርቱ ይወርዳል፤ አሁንም የሚሠሩት ያንኑ ነው፣ ቆዳው የፍየል ሆነ፣ ስፋቱም ከጣት ወደ 3 ሚሊ ወረደ እንጂ። ማሽን ፍለጋ ዓይኔን ባንከራትት ምንም የለም። አንድ የወይራ ግንድ፣ ምላጮች፣ ምስማር፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ሮንዴላ፣ ያ መሃሉ ቀዳዳ የሆነው ስስ የብረት ቀለበት። አንድ ወጣት ረዳት አላቸው፣ እሱ ክር ይስባል፣ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ጋሼ ይዘጉታል።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከቆዳው ላይ ሰሃን የሚያህል ክብ ይወጣል፣ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ ዳሩን ቆሞ ከተተከለ ምላጭና ከመመሪያ ምስማር መካከል ያስገቡታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የክሩ ስፋት ነው፣ እሱን ሮንዴላ በመጨመርና በመቀነስ ያስተካክላሉ። ጫፉን ይዞ መሳብ ብቻ ነው የቀረው። ክቡ እየዞረ ያልቃል፣ ክሩ እየወጣ ይከመራል። ሳየው በልጅነቴ እናቴ ድንች ልጣጭ ሳይቆረጥ ስታወርድ አፌን ከፍቼ የማያት ትዝ አለኝ።

መጀመሪያ የሚተለትሉት 4 ሚሊ አድርገው ነው። እኔ የፈለግሁት 3 ነው ስላቸው ቀና ብለውም አላዩኝ። «ገና አልተሳበም እኮ ልጄ። ሲሳብ ይቀጥናል።»

ሂሳቡን ቤት ገብቼ ሠራሁት። 20 ሳንቲ ሜትር ክብ በ4 ሚሊ ሲተለተል 7 ሜትር የሚያልፍ ክር ይሰጣል፣ ያውም መሃሉ ላይ የስኒ አፍ የምታህለው ክፍል ተጥላ። እሷን የሚጥሏት ዙሩ ሲጠብ ክሩ እየተጠማዘዘ አልቃና ስለሚል ነው።

ከዚያ ክሩ ይረጥባል፣ ይሳባል፣ በሁለት ምስማር መካከል ተወጥሮ ያድራል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ተማርኩ። ክብ ስትተለትሉ ምላጩ አንዴ በቆዳው ርዝመት አንዴ በወርዱ ነው የሚሄደው፣ ቆዳ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይለጠጥም፣ የሆዱ ክፍል በተለይ እንደ ማስቲካ ነው። ስለዚህ ተወጥሮ ሲያድር አንዱ ቦታ ይቀጥናል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል። ለዚህ ነው ሲደርቅ ሁለተኛ ጊዜ በምላጭ አሳልፈው ዳር እስከ ዳር 3 ሚሊ የሚያደርጉት፣ ውፍረቱንም ከሥጋው ወገን ገፈፍ እያደረጉ የሚያስተካክሉት። ያ የመርካቶ ክር አንዴ ወፍራም አንዴ ቀጭን የሚሆንብኝ ለምን እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

መላጉ የመጨረሻው ነው። ሁለት ምላጮች ፊት ለፊት በሰያፍ ተሰክተዋል፣ ክሩ በሥጋ ወገኑ ወደ ላይ ተገልብጦ በመካከላቸው ያልፋል። ረዳቱ ይስባል፣ ጋሼ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ይይዛሉ። ሳያቋርጡ ነው የሚስቡት፤ መሃል ላይ ከቆመ እዚያው ቦታ ላይ ጥርስ ያወጣል። ከግራና ከቀኝ እንደ ጤፍ ጭድ የቀጠነ ቅርፊት ይረግፋል። በየጥቂቱ ምላጩን አውጥተው አሮጌ ቀበቶ ላይ ያፋጩታል። ደነዝ ምላጭ ቆዳውን ይገፋዋል እንጂ አይልገውም፣ ይሄን እኔም ቤት በካተር ሞክሬ በራሴ ጣት አረጋግጬዋለሁ። በመጨረሻ ሞራና ሳሙና አብሮ የቀለጠበት ቅባት ይቀቡታል። ክሩ ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ አይንቋቋም፣ ይንሸራተታል። ሽታው ለሁለት ቀን ይቆያል። ድመታችን የመጀመሪያውን ጥቅል ልትበላው ምንም አልቀራትም።

ዋጋ። እኔ ስገዛ ያልተላገው በሜትር 25 ብር፣ የተላገው 40 ብር ነበር። የራሳችሁን ቆዳ ካመጣችሁ ለእጅ ብቻ 18 ብር። ውድ ነው የምትሉ ካላችሁ አብረን እናስላ። የእኔ ልባስ ሲዘረጋ ዙሪያው 1 ሜትር ከ12 ሳንቲ ነው። በተራ ጥምዝ ስፌት ከሆነ የጠርዙን ሦስት እጥፍ ተኩል ክር ይበላል፣ ወደ 4 ሜትር ማለት ነው። እኔ የምሠራው ድርቡን ጥልፍ ነው፣ ክሩ በራሱ ቀለበት ውስጥ ተመልሶ የሚያልፍበትን፤ እሱ ሰባት እጥፍ ይፈልጋል፣ ወደ 8 ሜትር። ስለዚህ በተላገውና ባልተላገው መካከል ያለው ልዩነት ባንድ ልባስ 120 ብር ነው። በ120 ብር ዕቃ ተመልሶ እንዳይመጣብኝ ከሆነ፣ ዓይኔን ሳላሽ እከፍላለሁ።

ቆዳ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የፍየል ይሁን። እኔ መጀመሪያ የበግ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ለስላሳና ቆንጆ፣ በርካሽ ያገኘሁት። ጋሼ በጥፍራቸው ቧጨር አድርገው መለሱልኝ። የደጋው በጋችን ቆዳ ለጓንት ውጭ ድረስ ስሙ የተጠራ ነው፣ ግን የበግ ቆዳ ላይኛው ሽፋን ከታችኛው ጋር የላላ ነው፣ በ3 ሚሊ ተተልትሎ ሲሳብ ይላቀቃል ወይ ይበጠሳል። የፍየል ሥሩ የጠበቀ ነው። ባሕር ማዶ ለዚህ ሥራ የሚመርጡት የካንጋሮ ቆዳ ነው፣ ሲሳሳም ጥንካሬውን ስለማይለቅ፤ እኛ ግን ፍየል አለንና ምን ቸገረን። ደግሞ ቀለም ላዩ ላይ የተቀባውን ተዉት፣ ሲሳብ ይሰነጠቃል። ጠርዙን ቆርጣችሁ እዩ፣ ቀለሙ ውስጡ ድረስ የገባ መሆን አለበት። ክሮም በሚባለው ኬሚካል የለፋ ቆዳ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ግራጫ ነገር ያሳያል፣ እሱም ይሠራል፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ከምላጩ ይሸሻል። በዛፍ ቅርፊት የለፋው ቀጥ ብሎ ይላጋል።

(የበዓል ማግስት ቆዳው በየገንዳው ተጥሎ ሳይ ግን ሆዴ ይቃጠላል። ድሮ «ቆዳ ያለው! ቆዳ!» እያሉ በር የሚያንኳኩ ልጆች ነበሩ። አሁን ጎረቤቶቼ የት እንደሚጥሉት ነው የሚጨነቁት።)

ሥራው ላይ እንዴት ሆነ? አራት ልባስ ሰፍቼበታለሁ። ጠርዙ ተኝቷል። ማዕዘን ላይ፣ ሁልጊዜ የሚያስለቅሰኝ ቦታ፣ በአንዱ ቀዳዳ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሳሳልፈው እንኳ አልተቆለለም። ለአዲስ ጀማሪዎች፣ 8 ሜትሩን ባንዴ አትሳቡ። በየቀዳዳው ሲመላለስ ክሩ ይላላጣል። እኔ 2 ሜትር 2 ሜትር ነው የምሠራው። ስቀጥል የአንዱን ጫፍ ከፀጉሩ ወገን የሌላውን ከሥጋው ወገን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አሳስቼ በማስቲሽ አጣብቃለሁ። ልዩ መርፌ አትፈልጉ፣ ጫፉን ሱፐር ግሉ ነክራችሁ ሲደርቅ በሰያፍ ቁረጡት፣ እንደ መርፌ ይገባል።

አሁን ወቀሳው።

ጥቁሩ ቀለም ይለቃል። የመጀመሪያውን ልባስ ክሬም ቀለም ባለው ገበር ሠርቼ ዳር ዳሩ ጥላሸት መሰለ። ስነግራቸው «በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ ነው የሚጀመረው» አሉኝ፣ ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት። ቡናማውና ቀይ ዳማው እንዲህ አያደርግም።

ሁለተኛ፣ 20 ሜትር ብዬ የከፈልኩበት ጥቅል ውስጥ ሁለት ቅጥያ አገኘሁ። ቅጥያው በደንብ የተሠራ ነው፣ ካልፈለጋችሁት አታዩትም። ቢሆንም አንድ ወጥ መስሎኝ ነው የገዛሁት። ስታዙ በግልጽ ጠይቁ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም፣ ቴሌብር ግን ይቀበላሉ።

ሦስተኛው «ነገ» ነው። ማክሰኞ ይደርሳል ተባልኩ። ማክሰኞ ሄድኩ፣ ክሩ ገና ምስማር ላይ ተወጥሯል። «ነገ ትወስጂዋለሽ ልጄ።» ረቡዕ ደወልኩ፣ ነገ። ዓርብ ስሄድ ጋሼ ለቅሶ ሄደዋል፣ ረዳቱ ደግሞ ያለ እሳቸው ምላጭ እንዳይነካ ተከልክሏል። አንዴ ሻይ ጠጪ ብለውኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀምጠውኛል፣ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ነው መላጉን ቁጭ ብዬ ያየሁት፣ ስለዚህ ብዙም ማማረር አልችልም። ለሰርግ ወይ ለበዓል የሚሆን ሥራ ካላችሁ ግን ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ እዘዙ።

ከመሃል ከተማ የምትመጡ በባቡር እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያ በታክሲ ቱሉ ዲምቱ። ከአደባባዩ በባጃጅ ትንሽ ነው። ክረምት ከሆነ ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ የመጨረሻው ቅያስ ጭቃ ነው። ግቢው ውስጥ ውሻ አለ፣ ታስሯል፣ የታሰረውም በተላገ ክር በተጎነጎነ ማሰሪያ ነው፤ ስገባ ከሁሉ በፊት ያየሁት እሱን ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለአራት ቀበቶ ጠርዝ የሚሆን 30 ሜትር ቡናማ አዝዣለሁ፣ ያለ ቅጥያ ብዬ፣ ሁለቴ ደግሜ። ትናንት ነበር የሚደርሰው። ጠዋት ደወልኩ።

«ነገ» አሉኝ።