ሲሊንደሬን ያስጣሉኝ ሰው ይመስገኑልኝ

ጤና ይስጥልኝ የባህር ዳር ልጆች። ይሄን ምስጋና ከሁለት ሳምንት በፊት ልጽፈው አስቤ ሥራ ይዞኝ ቆየ። ዛሬ ግን ሳልጽፈው አላድርም ብዬ ተቀመጥኩ።

ለማታውቁኝ፣ ጠላቂ ነኝ። ለመዝናናት አይደለም፣ እንጀራዬ ነው። ጣና ላይ የጀልባ ሞተር ሲሰምጥ፣ መረብ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም የምጠራው እኔ ነኝ። አንዳንዴም ስልኩን ሐይቅ ውስጥ የጣለ ሰው "እባክህ ወንድሜ" ይለኛል። (ስልኩ አይገኝም። ጭቃው ይውጠዋል። ስንቴ ልናገር?) ሥራዬ የቆመው በሁለት የአየር ሲሊንደር ላይ ነው። አንዱ ብረት፣ አንዱ አሉሚኒየም። ሰው "ኦክስጅን" ይላቸዋል፤ ውስጡ ያለው ግን ይሄው የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ታምቆ። ንጹህ ኦክስጅን ይዞ ከ6 ሜትር በታች የወረደ ሰው ራሱን መርዟል።

የማመሰግነው እነዚህን ሲሊንደሮች ራሴ ከፍቼ መመርመር ያስተማሩኝን ሰው ነው። "ስሜን እንዳትጽፍ" ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባህር ኃይል ነበሩ። ከዚያ ጅቡቲ ገብተው ዕድሜያቸውን ከጠላቂዎች ጋር ሠሩ። የሲሊንደር ምርመራውን የተማሩት ፒኤስአይ-ፒሲአይ ከሚባለው የአሜሪካ ተቋም ነው፤ በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀ ነው። አሁን እዚሁ ሽምብጥ እህታቸው ጋር ናቸው።

እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ለወረቀቱ፣ ለመርማሪነት ሰርተፍኬቱ ነበር። ሲሊንደር በዓመት አንዴ ውስጡ መታየት አለበት። እኔ ደግሞ በየዓመቱ አውቶቡስ ላይ ጭኜ አዲስ አበባ መላክ ሰልችቶኛል። ጫኙ ሁሌ "ይሄ ነገር ቦምብ ነው እንዴ?" ይለኛል። ለጋሼ ስነግራቸው ስቀው "ጫኙ ካንተ ይሻላል" አሉኝ። የባጃጅ ጎማ በግፊት መለኪያ 2 ባር ገደማ ነው የሚነፋው። የኔ አሉሚኒየም ሲሊንደር 207 ባር ይይዛል። 2,300 ሊትር የሚሆን አየር 11 ሊትር ዕቃ ውስጥ ተጨቁኖ ገብቷል ማለት ነው። ጣና የት ጋር ነው ጥልቅ የሆነው፣ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ምን ያስፈራል የሚል ሰው አለ። ሲሊንደሩ ግን ስለ ሐይቁ ጥልቀት ደንታ የለውም። ከፈነዳ የሚፈነዳው ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ፣ ሲሞላ ነው። የሚጎዳውም አጠገቡ ቆሞ የሚሞላው ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደብተር ነው። ብዙ አልልም፤ ስለ ብረት፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ዝገት። ነገሩ ያለው ሁለተኛው ቀን ላይ ነው።

"የራስህን አምጣ" አሉኝ። የብረቱን ይዤ ሄድኩ፣ በኩራት። ባለፈው ዓመት ስሙን የማልጠራው ቦታ አስመርምሬው፣ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ፣ ወረቀት ተለጥፎበት ነው የመጣው። ጋሼ መጀመሪያ አንገቱ ላይ የተመታውን ቁጥር እንዳነብ አዘዙኝ። "05 14" ይላል። የግፊት ሙከራ የተደረገበት ቀን ነው፤ በየ5 ዓመቱ መደገም አለበት። እኔ "ጥር 2014፣ ገና ጊዜ አለው" አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ። "ይሄን ቁጥር የመታው ሰው መስከረም አንድን ያከብራል?" ለካ በፈረንጅ ነው! ሜይ 2014፣ በኛ ግንቦት 2006። ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። እኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እያሰላሁ በሰላም እጠልቅ ነበር። ሳቅ አይደለም፣ ቤታችሁ ያለውን እዩ።

ከዚያ አየሩን ማውጣት። እንደ ልማዴ ቫልቩን ቧ አድርጌ ልከፍት ስል እጄን ያዙኝ። በፍጥነት ከወጣ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ቀስ ብሎ ሲወጣ የእህታቸው ጀበና ሁለተኛ ላይ ደርሳለች።

ቀጥሎ ቂጡ ላይ ያለውን የጎማ ጫማ እንዳወልቅ አደረጉ። ገዝቼው ጀምሮ አውልቄው አላውቅም። በእግሬ ረግጬ ስስበው ጥቁር ጭቃ ወጣ፣ የእምቦጭ ሥርም አብሮ። ጋሼ በጨርቅ ጠረጉትና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። ቢጫው ቀለም ልክ ጎማው የሚጀምርበት መስመር ላይ ያበቃል። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ። ከዚያ በታች ዝገት የበላው፣ የተቦረቦረ ብረት ነው። መርምረነዋል ያሉት ሰዎች ጎማውን እንኳ አላወለቁም! ጋሼ ግን አንድ ቃል አልተሳደቡም። "እያቸው፣ መስመሩን ራሳቸው ጽፈውልሃል" ብቻ አሉ።

ቫልቩን ፈትተን የእጅ ባትሪና የጥርስ ሐኪም ዓይነት ትንሽ መስታወት ሰጡኝ። "ምን ታያለህ?" "ትንሽ ዝገት አለ ጋሼ።" "ትንሽ የሚባል ቁጥር የለም። ለካው።" ጉድጓዶቹን ከውጭም ከውስጥም አንድ በአንድ ለካሁ። ከሚፈቀደው አልፏል። ፍርዱን እሳቸው አልተናገሩትም፣ እኔን አስጻፉኝ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ሲሊንደር ላይ "አይሞላም" ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያ ቀን እጄ ከብዶኝ አያውቅም።

አንድ የነገሩኝ ነገር እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። ብረት ሲዝግ ኦክስጅን ይበላል። ለወራት ተዘግቶ የከረመ፣ ውስጡ እርጥብና ዝገታም ሲሊንደር የአየሩ ኦክስጅን ሊጎድልበት ይችላል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሞልቼ አስቀምጬው በመስቀል ማግስት ነበር ይዤው የምወርደው። "ጣና ጨው የለውም፣ አያዝግም" ለምትሉም፣ እኔም እንደናንተ ነበርኩ።

የአሉሚኒየሙ ተራ ሲደርስ ላብ በላብ ሆንኩ። የድሮዎቹ 6351 በሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠሩ አሉ፤ ግፊት ተሸክመው በኖሩ ቁጥር አንገታቸው ላይ፣ ቫልቩ በሚጠመዘዝበት ጥርስ አካባቢ ቀስ እያሉ የሚሰነጠቁ። ሲሊንደር የሚሠራው ሉክስፈር የተባለ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ቅይጡን ወደ 6061 የቀየረው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። የኔ ላይ የተመታው 1994 ነው፣ እሱም በፈረንጅ። "አንዱ ተርፎልሃል" አሉኝ።

አሁን ሰርተፍኬቱ አለኝ፤ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ግን እንዳትሳሳቱ። በዚህ ወረቀት የግፊት ሙከራ መሥራት አልችልም። እሱ ሲሊንደሩን ውሃ ሞልቶ፣ ከሚሠራበት በላይ አስጨንቆ፣ ወደ መጠኑ መመለሱን የሚለካ መሣሪያ ይፈልጋል። ለእሱ በየ5 ዓመቱ አውቶቡሱና ጫኙ አልቀሩልኝም።

ጋሼን ለማን ልጠቁም? ጠላቂ ለሆነ፣ ሲሊንደር ለሚያከራይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮምፕረሰር ይዞ ለሚሞላ። ቡታጋዝና የሆስፒታል ኦክስጅን ይዛችሁ አትሂዱ፤ "የኔ ሙያ አይደለም" ብለው ነው የሚመልሷችሁ፣ ይሄም አንዱ የማምናቸው ምክንያት ነው። ጉድለታቸውንም ልናገር። የ2 ሰዓቱ ትምህርት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። የምጽዋ ጨዋታ ከተነሳ ደግሞ ምሳ ሰዓት ያልፋል። ማንዋሉ እንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው ግን ቁጭ ብለው በአማርኛ ይፈቱላችኋል። ክፍያው ቀላል አይደለም፣ እኔ በሁለት ዙር ነው የከፈልኩት። ከአዲስ ሲሊንደር ዋጋ ጋር ሳስተያየው ግን አልቆጨኝም። ደግሞ አዲስ ሲሊንደር የሚሸጡልኝ መስሎኝ ነበር፤ የሚሸጡት ነገር የላቸውም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት። የእህትዎም ቡና እንዳይቀርብኝ።

መማር የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ከ4 ሰው በላይ አይቀበሉም። ስትሄዱ ግን የሲሊንደራችሁን የጎማ ጫማ ቤት አውልቃችሁ፣ አጥባችሁ ሂዱ። እሳቸው ፊት ሲወልቅ የሚወጣው ያሳፍራል።