ለኮኮፒት ቲማቲም፦ የተዘጋጀ ካልማግ ወይስ ለየብቻ የሚገዛ ጨው?

ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ በረንዳው ላይ ቲማቲም በኮኮፒት (ከኮኮናት ልጣጭ በሚሠራ የአፈር ምትክ) ለሚያለማ ሰው ማሟያ የግድ ነው። ኮኮፒት ካልሲየምና ማግኒዚየምን ይዞ በምትኩ ፖታሲየምና ሶዲየም ይለቃል።

ካልሲየምና ማግኒዚየምን አንድ ላይ የያዘው ፈሳሹ ካልማግ ቀላል ነው፤ በመለያው ልክ ውሃ ላይ ጨምሮ ማጠጣት ብቻ። የምትከፍሉት ግን በአብዛኛው ለውሃ ነው።

እኔ የምመርጠው ካልሲየም ናይትሬትና ማግኒዚየም ሰልፌትን ለየብቻ መግዛት ነው። ውሃ አጠጣጡ ሳይዛባ የፍሬው ግርጌ ጠቁሮ ሲበሰብስ ካልሲየሙን፣ የታችኛው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ሲገረጣ ማግኒዚየሙን ለይቶ ለመጨመር ያመቻል። አደራ፣ ሁለቱን ሳታቀጥኑ አትቀላቅሉ! ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ ጂፕሰም ነው፣ ለተክሉ ብዙም አይጠቅምም። ካልሲየም ናይትሬት ናይትሮጅንም ስላለው ከዋናው ማዳበሪያ ናይትሮጅን ቀነስ አድርጉ።