የወረሳችሁትን ጠመንጃ «እንደ አዲስ አድርጌ አስረክባለሁ» ለሚል ባለሙያ ከመስጠታችሁ በፊት

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሐረር፣ በድሬዳዋና በአካባቢው ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን ጠመንጃ በሕጋዊ ፈቃድ ይዘው ለሚኖሩና ዝገት በላው፣ እንጨቱ ተሰነጠቀ ብለው ለማሳደስ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ነው። የእኛ ቤት ውጅግራ ድሬዳዋ ውስጥ የጥገና ፈቃድ ባለው ባለሙያ እጅ ገብቶ ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ ተመልሷል። ጉዳዩ በአቤቱታ ላይ ስለሆነ የባለሙያውን ስምም ሆነ የሱቁን ቦታ አልጠቅስም። የተፈጸመብን ነገር ግን በሌላ ቤትም ሊደርስ የሚችል በመሆኑ አሠራሩን በዝርዝር ማሳወቅ ይገባኛል።

ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ እርሳስ የሚተኩስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ የሌለው ባሩድ የሚጠቀመውን ለበን የተባለ ጠመንጃ ሲይዙ አሮጌው መሣሪያ ለገበያ ቀረበ፤ ከእሱም ብዙ ቁጥር ያለው በዛሬዋ ጅቡቲ ባሉት በኦቦክና በታጁራ ወደቦች በኩል ወደ አገራችን ገባ። ሐረር ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በራስ መኮንን ስትተዳደር የዚህ ንግድ ዋና በር ስለነበረች፣ በእኛ አካባቢ በየቤቱ ጥግ ተሸፍኖ የተቀመጠ ውጅግራ መገኘቱ አያስደንቅም። የእኛውን አባታችን ከአባታቸው የተቀበሉት ሲሆን፣ በበርሜሉ ላይ የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ጽሑፍ፣ በበርሜሉ፣ በቃታው (በርሜሉን ከኋላ በሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ብረት) እና በሰደፉ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ከሰደፉ ጎን ደግሞ አያታችን በቢላ የቀረጿቸው ሁለት ፊደላት ነበሩበት። የመያዣ ፈቃዳችን ላይ የሰፈረውም ያው ቁጥር ነው።

ሥራው ቀላል እንዳልነበረ አልክድም። ቃታው በዝገት ተጣብቆ ወደ ኋላ አልመጣ ብሎ ነበር፣ ሞላው ደክሟል፣ እንጨቱ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ የበርሜሉም ውስጥ በጥቁር ባሩድ ጥላሸት ተበልቶ ጎድጉዷል። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ፣ ከተተኮሰ በኋላ በወጉ ያልታጠበ በርሜል ከውስጥ መበላቱ አይቀርም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ መንካት ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ባለሙያው ግን ገና ከጨርቁ ሳይፈታ አባታችንን «አባባ፣ ምንም አያስቡ፤ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጌ ነው የማስረክብዎት» አላቸው። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ብረት መቅረጫ ማሽኖቹ፣ ቶርኖውና ፍሬዛው፣ ከኋላው ይታያሉ። ድሬዳዋ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ የወጡ፣ ብረትን እንደ ልባቸው የሚያዙ ሰዎች ከተማ በመሆኗ፣ አባታችን እንዲህ ያለውን ቃል የሚጠራጠሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። የዋጋውን ግማሽ በቀብድ ተቀበለ፤ በደረሰኙ ላይ የጻፈው ግን «የጠመንጃ ጥገና» የሚል ብቻ ነበር። በኋላ አቤቱታ ስናቀርብ «መጠገን ነው የተስማማነው፣ ጠግኜያለሁ» ብሎ የተከራከረው በዚችው አጭር ቃል ተደግፎ ነው።

ከቀጠሮው ብዙ ዘግይቶ ያስረከበን ጠመንጃ በእርግጥ ያብረቀርቃል። በመስኮት ብርሃን አጠገብ አድርጌ ከአፈሙዙ ወደ ቃታው በጎን ሳየው ግን በርሜሉ ላይ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይወዛወዛል። ይህም በመፍጫ ተፍቆ አንዱ ቦታ ከሌላው በላይ መበላቱን ያሳያል። የብሎኖቹ ቀዳዳ ጠርዝ ተበልቶ እንደ ሰሐን ጎድጉዷል። የፋብሪካው ጽሑፍ ግማሹ ጠፍቷል፣ ቁጥሩም የመጨረሻው አሃዝ ጨርሶ አይነበብም። ብረቱን አጥቁሬዋለሁ ያለው ደግሞ ቀለም ሆኖ ተገኘ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ነክሬ በጥጥ ብነካው ጥጡ ጠቆረና ነጭ ብረት ብቅ አለ። ሰደፉ በብርጭቆ ወረቀት በጣም ከመፈግፈጉ የተነሣ እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ብሏል፤ በላዩ ላይ ወፍራም ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ የአያታችን ፊደላት የሉም። አባታችን ጠመንጃውን ተቀብለው መጀመሪያ በአውራ ጣታቸው የዳሰሱት ያንን ቦታ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ቃታው ነው። ቁጥሩ የእኛ አይደለም። ስንጠይቀው «የእናንተው ሲወጣ ተሰበረ፣ ከሌላ አምጥቼ ገጠምኩ» አለ፤ ስባሪውን አሳየን ስንለው «ተጥሏል» አለን። የሚሰበር ነገር ሊሰበር ይችላል፤ ለዚህ ማንንም አልወቅስም። ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ የሌላ ጠመንጃ አካል መግጠም፣ ገጥሞም ዝም ማለት፣ ሲጠየቁም ስባሪውን ማሳየት አለመቻል ግን ሥራ ሳይሆን ማታለል ነው።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቃታና በርሜል እርስ በርስ ተለክተው የሚገጠሙ ናቸው። ከሌላ መሣሪያ የመጣ ቃታ በዓይን ሲታይ ቢዘጋም ከቀለሁ በስተኋላ ክፍተት ሊተው ይችላል፤ ክፍተቱ ከልክ ካለፈ ሲተኮስ ቀለሁ ይሰነጠቅና የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊትና ዓይን ይመለሳል። ይህንን መለካት በልዩ መለኪያ የሚሠራ እንጂ «እየው፣ ይዘጋል» በማለት የሚረጋገጥ አይደለም። ባለሙያው ግን «በሠርግም በለቅሶም ይተኮስበታል» ብሎ ነው ያስረከበን። በዚያ ላይ የውጅግራ ብረት ለጥቁር ባሩድ ግፊት የተሠራ ነው፤ ጭስ በሌለው ባሩድ የተሞላ ጥይት ከፍ ያለ ግፊት ስለሚፈጥር ያረጀውን በርሜል ሊያፈነዳው ይችላል። እባካችሁ ታድሷል የተባለን የአያት ጠመንጃ ማንም ቢነግራችሁ አትተኩሱበት፤ በተለይ በልጆቻችሁ እጅ እንዳይገባ።

የቁጥሩ መጥፋትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ሥር አድርጎታል፤ ፈቃዱም መሣሪያውን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና በብረቱ ላይ ያለው ካልተገናኙ፣ በፖሊስ ፊት ቆሞ መልስ የሚሰጠው መፍጫውን የያዘው ሰው ሳይሆን ባለፈቃዱ ነው። አባታችን በዚህ ዕድሜያቸው ቁጥሩ የጠፋው በእሳቸው ፈቃድ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ ይመላለሳሉ። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፈቃድ ሰውዬው መሣሪያ እንዲጠግን የተፈቀደለት መሆኑን ይነግራችኋል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየን መሣሪያ ሳያጠፋ ማዳን መቻሉን ግን አይነግራችሁም። የተሰበረ ሞላ የሚተካ ሰው ሁሉ ይህን አይችልም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው መፍጫ ሳይሆን ወረቀትና ካሜራ ነው፤ እያንዳንዱን ቁጥርና ማህተም ይመዘግባል፣ ፎቶ ያነሳል። የተጣበቀውን ቃታ በመዶሻ አይመታም፤ ዘልቆ የሚገባ ዘይት እያጠጣ፣ ሲያስፈልግም በመጠኑ እያሞቀ ይጠብቀዋል። ዝገቱን በዘይትና በለስላሳ የመዳብ ብሩሽ ያነሳል እንጂ ብረቱን አብሮ አይፍቅም። ስንጥቁን ያጣብቃል፣ እንጨቱን በተልባ ዘይት ያረሰርሳል፤ የቆዩ ጭረቶችን አይነካም። ብረት የማጥቆር ሥራም ቢሆን፣ የጥንቱ ዘዴ ብረቱን በጥቂቱ እያዛገ፣ ዝገቱን በፈላ ውሃ እያጠቆረና እየጠረገ ደጋግሞ የሚሠራ፣ ቀናት የሚወስድ ነው። ከካውስቲክ ሶዳ ጋር በማፍላት የሚሠራው ፈጣን ዘዴ ደግሞ በቆርቆሮና በእርሳስ ለተበየዱ የቆዩ ክፍሎች አይሆንም፤ ብየዳውን ይበላዋል። ስለዚህ «በየትኛው መንገድ ነው የምታጠቁረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄውን የሚሸሽ ሰው ቀለም ሊቀባላችሁ እንደሆነ ጠርጥሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥሩ ባለሙያ «ይህን ባልነካው ይሻላል» የሚልበት ቦታ አለው። ሁሉንም እችላለሁ የሚለውን ፍሩ።

መሣሪያውን ከማስረከባችሁ በፊት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በቅርበት ፎቶ አንሱ። በውሉ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር ይስፈር፤ ማህተም፣ ጽሑፍና ቅርጽ እንደማይፋቅ፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ምንም አካል እንደማይቀየር፣ የተሰበረም ሆነ የወጣ ማንኛውም ብረት ለባለቤቱ እንደሚመለስ ይጻፍ፤ ሁለት እማኞች ይፈርሙበት። የመጨረሻው ክፍያ ቃታው ተፈቶ ቁጥሩ ከታየ በኋላ ይሁን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ስለሚያገኘው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ይህ መብት ግን ማስረጃ ይዞ ለሚቀርብ ሰው ነው የሚጠቅመው። እኛን በአቤቱታው እስካሁን ደግፎ ያቆመን የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ሥራ ብሎ ከዓመታት በፊት ያነሳው ፎቶግራፍ ነው፤ የቃታው ቁጥርና የአያታችን ፊደላት በግልጽ ይነበቡበታል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የእኛ ጠመንጃ ላይ የሌላ ሰው ቃታ ተገጥሟል፤ ስለዚህ የእኛውም በሌላ ቤት ጠመንጃ ላይ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል። በቅርብ ጊዜ ውጅግራችሁን ድሬዳዋ ውስጥ ያሳደሳችሁ ሁሉ፣ በቃታውና በበርሜሉ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አስተያዩ። ካልተገናኙ መሣሪያውን ሳትተኩሱበትና ለማንም ሳትሸጡት፣ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ፈቃዱን ለሰጣችሁ የፖሊስ ቢሮ አመልክቱ፤ እኛም በጠመንጃችን ላይ የተገጠመውን የሌላ ሰው ቃታ ቁጥር በዚያው አስመዝግበናል። ቃታዎቹ ወደየባለቤታቸው መመለስ የሚችሉት በዚህ መንገድ ብቻ ነው።