ጃማይካ ለማን ትመቻለች? የስምንት ቀን የቤተሰብ ጉዞ ግምገማ

ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ለዕረፍት መሄድ ለሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥለት፣ ምግቡ፣ መጠጡና መኝታው በአንድ ዋጋ የተጠቃለለበት፣ በአጥር የተከለለ የባሕር ዳር ሪዞርት ነው። እኛም በ2016 ዓ.ም. መጋቢት አጋማሽ፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ለጸደይ ዕረፍት ሲዘጋ፣ ከባልቲሞር ተነሥተን ሞንቴጎ ቤይ ያረፍነው ይህንኑ ገዝተን ነበር። ስድስት ነበርን፦ ሰባ ዓመት የሞላት እናቴ፣ ባለቤቴ፣ የሰባትና የዐሥር ዓመት ልጆቻችን፣ ያለ ሬጌ የማይውል የእኅቴ ልጅ እና እኔ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር እናቴ ጾመኛ ናት፤ ባለቤቴ የፈለገችው ማንም የማይጠራት ስፍራ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ብሉ ማውንቴን ቡና ለዓመታት የሰማሁትን ዝና በገዛ ምላሴ ለመፈተን ቆርጬ ነበር። አንዲት ደሴት ይህን ሁሉ ፍላጎት ታስተናግድ እንደሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቡድን የሚገኝ አይመስለኝም።

ስሙን የማልጠቅሰው ሪዞርት ለባለቤቴና ለልጆቹ በቂ ነበር። የመዋኛ ገንዳው ንጹሕ፣ ባሕሩ የረጋ፣ ሠራተኞቹም ትሑታን ናቸው። ለእናቴ ግን ሦስቱም ቀን የቀረበላት ያው ሰላጣና የተጠበሰ ድንች ሲሆን፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ምን እንዳለ በጠየቅን ቁጥር አስተናጋጁ ወደ ማእድ ቤት ሄዶ የሚመለሰው በይቅርታ ብቻ ነበር። የሪዞርቱ የጉብኝት ጠረጴዛም ለአንድ ቀን ጉዞ የጠየቀን ዋጋ፣ በማግስቱ ከበር ውጭ ካገኘነው ባለታክሲ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከአጥሩ ውጭ ስላየነው ነው።

ልጆች ላሉት ሰው በቅድሚያ የምመክረው ኦቾ ሪዮስ አጠገብ ያለውን የደንስ ሪቨር ፏፏቴ ነው። ይህ ፏፏቴ እንደ ጢስ ዓባይ ከሩቅ ቆመው የሚያደንቁት ሳይሆን የሚወጡት ነው። ውኃው 180 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ደረጃ መሰል ድንጋይ ላይ እየተንከባለለ በቀጥታ ወደ ባሕር ስለሚገባ፣ ጎብኚው ከባሕሩ ዳርቻ ጀምሮ እጅ ለእጅ ተያይዞ አስጎብኚውን እየተከተለ ሽቅብ ይወጣል። ውኃው ቀዝቃዛ፣ ድንጋዩም አንዳንድ ቦታ ላይ የሚያዳልጥ ቢሆንም የሰባት ዓመቷ ልጄ ያለ ችግር ወጥታዋለች። የመግቢያው ዋጋ ለውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ 25 ዶላር ገደማ ነው፤ የጎማ ጫማ ከቤት ይዞ መሄድ እዚያ ከመከራየት ይሻላል። መርከቦች ወደብ በሚቆሙባቸው ቀናት ሰልፉ ስለሚያሰለች በጠዋት መድረስ ይበጃል። ከመውጫው አጠገብ ያለው የዕቃ ገበያ ግን ከፏፏቴው ይልቅ ያደክማል፤ ሻጮቹ ስም ጠይቀው ወዲያው በእንጨት ላይ ይቀርጹና «ያንተ ነው» ይላሉ፤ ስም አለመናገር ነው መፍትሔው።

ፋልማውዝ አካባቢ ያለው የሚያበራው ሐይቅ በልጆቹ ዘንድ የተለየ ቦታ አለው። የማርታ ብሬይ ወንዝ ከባሕር ጋር በሚቀላቀልበት በዚህ ስፍራ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ስለሚኖሩ፣ ውኃው በእጅ ወይም በጀልባ ሲነካ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። እኛ ግን ስንቀጥር ጨረቃን አላሰብናትም። የሄድንበት ምሽት ጨረቃዋ ሙሉ ስለነበረች ብርሃኑ ፎቶግራፎቹ ላይ ከሚታየው እጅግ የደበዘዘ ሆኖብናል። ልጆቹ ውኃ ውስጥ ገብተው ክንዳቸው ሲያበራ በደስታ ጮኸዋል፣ ዐዋቂዎቹ ግን «ይህ ብቻ ነው?» ተባብለናል። ጨረቃ በማትኖርበት ሳምንት የሚሄድ ሰው ከእኛ የተሻለ ያያል።

በዚያው በማርታ ብሬይ ወንዝ ላይ ቀን ቀን በቀርከሃ ታንኳ መንሸራሸር ይቻላል፤ ይህን ለአረጋውያን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ታንኳው ዘጠኝ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው የሚይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ቀዛፊው ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ የወንዙን ወለል እየገፋ፣ ከአምስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ዝቅ የሚለውን መንገድ በአንድ ሰዓት አካባቢ ያደርሳል። ሞተር የለም፤ ድምፁ የውኃውና የወፎቹ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ያደገችው እናቴ የጣናን ታንኳ አስታውሳ፣ «የኛዎቹ ደንገሉን ነው የሚያስሩት፤ ይህ ጠንካራ ነው» ስትል ለቀርከሃው መሰከረችለት።

ለባለቤቴ የሚሆን ቀን ያገኘነው ኔግሪል ነው፤ ስሙ ሰባት ማይል ቢሆንም ርዝመቱ ከዚያ የሚያንስ ነጭ አሸዋ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያምር ባሕር። ከሞንቴጎ ቤይ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል። ባለቤቴ መጽሐፏን ጨርሳ ተመለሰች፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ለጾመኛ ሐበሻ ጃማይካ ያልጠበቅነው በረከት ሆናለች። ራስ ተፈሪያውያን ሥጋ የማይገባበትን፣ በተቻለ መጠን ፋብሪካ ያልነካውን ምግባቸውን «ኢታል» ይሉታል። በኦቾ ሪዮስና በኪንግስተን መንገድ ዳር ባሉ ትንንሽ ቤቶች በዱባ፣ በቦዬ፣ በባሚያና በቦሎቄ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ወጥ በቅል ሲቀርብልን እናቴ አምላኳን አመሰገነች። ካላሉ የሚሉት ቅጠል ከኛ ጎመን ብዙም የማይለይ ሲሆን፣ ከካሳቫ የሚጋገረው ባሚ የተባለ ቂጣ ደግሞ ቆጮ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ብዙዎቹ የኢታል አብሳዮች ጨው አይጨምሩም፤ እናቴ ይህን እንደ እምነት ሳይሆን እንደ ስሕተት ስለወሰደችው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በቦርሳዋ ጨውና ሚጥሚጣ ይዛ ትወጣ ነበር። ለማይጾሙት ጀርክ አለ፤ ዶሮው ወይም የአሳማ ሥጋው ፒሜንቶ በሚሉት የቅመም ዛፍ ፍሬ፣ በቲምና ስኮች ቦኔት በሚሉት የሚያቃጥል ቃሪያ ታሽቶ በፒሜንቶ እንጨት ጢስ ላይ ይበስላል። የእኅቴ ልጅ ከአዋዜ ጋር አወዳድሮ ለጀርኩ ፈረደ። እኔ አልፈረድኩም፤ እኔም ጾም ላይ ነበርኩ።

ከኦቾ ሪዮስ ወደ ኪንግስተን የተጓዝነው እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው ተራራ አቋራጭ የክፍያ መንገድ ነው። ጢሙ የሸበተው ሾፌራችን ከየት እንደመጣን ሲጠይቅ «ከኢትዮጵያ» አልኩት። ሬዲዮውን ዘጋ። ቀጥሎም እናቴ ንጉሠ ነገሥቱን በዓይኗ አይታ እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ በልጅነቷ ጃንሆይ ትምህርት ቤቷን ሲጎበኙ ተሰልፋ ተቀብላቸው ነበር፤ ይህን ስተረጉምለት መኪናውን ከመንገድ ዳር አቆመ። ጥያቄው ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ ፖለቲካ አልነበረም። የመኪናቸው ቀለም ምን ነበር? ለልጆቹ ምን ሰጡ? እጃቸው ትንሽ ነበር ወይስ ትልቅ? እናቴም ጥቁር መኪና እንደነበርና ለእያንዳንዱ ልጅ ብርቱካን እንደታደለ ነገረችው። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ወዲያው እንዳይወርዱ እንዳገዳቸው፣ ያ ቀንም እስከ ዛሬ በራስ ተፈሪያውያን ዘንድ በዓል እንደሆነ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ መንገድ ዳር መኪና አቁሞ ስለ ብርቱካን ከሚጠይቅ ሰው ጋር መቀመጥ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ጃማይካ ላይ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች እንደሚጠብቁት ማወቅ አለበት። ስለ ንጉሡ የራሱ የተለየ አስተያየት ያለው ሰውም ቢሆን በለዘበ አንደበት እንዲመልስ እመክራለሁ።

ኪንግስተንን ብዙ የጉዞ መመሪያዎች ይዘሏታል፤ ለእኛ ግን የጉዞው ምርጥ ሦስት ቀን እዚያ አለፈ። በሆፕ ሮድ ቁጥር 56 ያለው የቦብ ማርሊ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ታጣቂዎች ቤቱ ውስጥ ገብተው ሲተኩሱ የተበሳው ግድግዳ እንዳለ ተትቷል። የእኅቴ ልጅ ከዚያ የወጣው ዝም ብሎ ነው፤ እርሱን ዝም የሚያሰኝ ነገር ጥቂት ነው። ማርሊ ተወልዶ የተቀበረበትን ናይን ማይልን ግን ያን ያህል አልወደደውም፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ሲሆን በር ላይ ገንዘብ የሚጠይቀው ሰው ብዛት መቃብሩን በጸጥታ ለማየት ፋታ አይሰጥም። የስድሳኛ ዓመት ልደቱ በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ሲከበር እዚያ የነበርን ሰዎች ከናይን ማይል የበለጠ ማርሊን ያገኘነው አዲስ አበባ ይመስለኛል።

እሑድ ጠዋት በማክስፊልድ ጎዳና ወደሚገኘው የቅድስት ሥላሴ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቤተ ክርስቲያናችን በጃማይካ የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ማርሊንም በ1980 ያጠመቁት አቡነ ይስሐቅ ናቸው። ያ እሑድ ለጃማይካውያን ፋሲካ ነበር፤ ከውጭ ሱቆቹ ሁሉ በዓሉ የሚበላበትን ቅመም ያለበት ዳቦና አይብ ይሸጣሉ። ከቅጽሩ ውስጥ ግን መፃጉዕ ነው፣ ጾሙም ገና እኩሌታው ላይ ነው። ነጠላ ያጣፉት ምእመናን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጃማይካውያን ናቸው፤ ግእዙን ያለ ስሕተት ይቀበላሉ፤ ስብከቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አስተርጓሚ ያስፈለጋት እናቴ ተሰጥዖውን ከእነርሱ ጋር እኩል ስትመልስ፣ ከመካከላቸው ግራ የተጋባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለአረጋውያን ወላጆቹ ዕረፍት የሚያስብ ሰው ከሪዞርቱ ገንዘብ ቀንሶ ለዚህ እሑድ ይመድብ።

አሁን ወደ ቡናው። ከኪንግስተን በስተምሥራቅ ያሉት የብሉ ማውንቴን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከፍተኛው ጫፍ 2,256 ሜትር ነው። ይህ ከእንጦጦ በታች ነው፤ ሆኖም ፀሐይ ስትወጣ ጫፉ ላይ ለመገኘት በሌሊት የሚነሡ ወጣቶች እርጥብ በሆነ ዳገት ለሰዓታት ይጓዛሉ። የእኅቴ ልጅ ሄዶ ጭጋግ ብቻ አይቶ ተመለሰ። እኔ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ አነስተኛ የቡና እርሻ ቀረሁ። ቡና ወደ ጃማይካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ከማርቲኒክ ነው፤ የማርቲኒኩ ከፓሪስ፣ የፓሪሱ ከአምስተርዳም፣ ያም በጃቫና በየመን በኩል ሲሆን ግንዱ የኛው ነው። ጣዕሙን በተመለከተ፣ ብሉ ማውንቴን ለስላሳ፣ መራራነት የሌለው፣ ጨዋ ቡና ነው፤ ነገር ግን የይርጋጨፌን አበባና ሎሚ፣ የሐረርንም ጉልበት ለለመደ ምላስ ዋጋው አይገባውም። እናቴ አንድ ሲኒ ቀምሳ «አቦሉ የት ሄደ?» አለች። ጥሬውን ገዝታ ቤቷ ልትቆላ ፈልጋ ነበር፤ የሚሸጡት የተቆላውን ብቻ ነው ሲሏት ተገርማ፣ ሌላ ሰው የቆላውን ቡና ለእንግዳ እንዴት እንደሚያቀርቡ ጠየቀቻቸው። ለጉብኝቱና ለመልክዓ ምድሩ ግን መሄድ ይገባል።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነገሮችን ይያዝ። መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ በተራራው መንገድ ላይ ራስ ከመንዳት ቀይ ታርጋ ያለው ሕጋዊ ታክሲ መያዝና ዋጋውን ሳይሳፈሩ መስማማት ይሻላል። የአሜሪካ ዶላር በቱሪስት ስፍራዎች ይቀበላሉ፤ የመንገድ ዳር ምግብ ግን በጃማይካ ዶላር ይረክሳል። የፈረንጆቹ የስቅለት ዓርብና የፋሲካ ማግስት ሰኞ የሕዝብ በዓላት ስለሆኑ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ የሪዞርቶችም ዋጋ በዚያ ሰሞን ይወደዳል። የዐውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደቡብ ምዕራቡን የደሴቲቱን ክፍል ክፉኛ ስለመታው፣ እኛ ከዚያ በፊት ያየናቸው የምዕራብ ስፍራዎች ሁሉ እንደ ነበሩ ናቸው ማለት ስለማይቻል አስቀድሞ ደውሎ ማጣራት ያስፈልጋል።

እኛ ብንመለስ ሪዞርቱን ከሦስት ሌሊት ወደ አንድ እናወርደዋለን፣ ያንንም ለባለቤቴ ብለን ነው። ልጆቹ ፏፏቴውን ድጋሚ ይጠይቃሉ። እናቴ ደግሞ ለማክስፊልድ ጎዳና ምእመናን የሚሆን ጥሬ ቡናና ጀበና ከአሁኑ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣለች።