የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የመራጮች መመዝገቢያ ቅጽ ሲገመገም

የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መሐላ በፈጸምኩ በሳምንቱ በፖስታ የሚላከውን የፌዴራል የመራጮች መመዝገቢያ ቅጽ አውጥቼ ሞላሁ፤ ከዚያ ወዲህም ለሁለት ቤተሰቦቼ አስሞልቻለሁ። ምርጫውን የሚያስፈጽሙት ግዛቶች፣ ቅጹን ያዘጋጀው ግን ማእከላዊው መንግሥት በመሆኑ፣ ስለ አገልግሎቱ ጥራት የምጽፈው ሁሉ ማእከሉ በዜጋው የመምረጥ ነጻነት ውስጥ እስከ የት ይግባ ከሚለው ጥያቄ ሊነጠል አልቻለም።

ቅጹ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ብሔራዊ የመራጮች ምዝገባ ሕግ ጋር ነው። ሕጉ ግዛቶች መንጃ ፈቃድ በሚሰጡባቸው ቢሮዎች መራጭ እንዲመዘግቡ፣ የጋራውን ቅጽ ተቀብለው እንዲሠሩበትና ለፌዴራል ምርጫ ምዝገባውን ከ30 ቀን አስቀድመው እንዳይዘጉ ያዛል። ካሊፎርኒያን ጨምሮ አንዳንድ ግዛቶች ሥልጣናችን ተነካ ብለው በፍርድ ቤት ተከራክረዋል። ክርክሩ መሠረት አልነበረውም አልልም፤ ሕገ መንግሥቱ የምርጫን ጊዜ፣ ቦታና ሁኔታ የመወሰን ሥልጣን በመጀመሪያ የሰጠው ለግዛት ምክር ቤቶች ነው፣ ኮንግረሱ ሊለውጠው እንደሚችል ቢደነግግም። ነገር ግን የደቡብ ግዛቶች ጥቁር ዜጎችን በማንበብና በመጻፍ ፈተና፣ በምርጫ ግብርም ጭምር ከምርጫ ሲያገልሉ የኖሩት በዚሁ ሥልጣናቸው ነበር፤ በሩን ለማስከፈት የ1965ቱ የፌዴራል የመምረጥ መብት ሕግ አስፈልጓል። ለእነዚያ ዜጎች የግዛቱ ነጻነት የእነርሱ ነጻነት አልነበረም።

ወደ ቅጹ ስንመለስ፣ ዘጠኝ ሣጥኖች ያሉት አጭር ወረቀት ነው። ለእኛ አስቸጋሪው የመጀመሪያው ሣጥን ነው፤ የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስምና የመካከል ስም ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። እኔ የአባቴን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ፣ የአያቴን በመካከል አድርጌ ጻፍኩ፤ በመንጃ ፈቃዴ ላይ ግን በመጨረሻ የሰፈረው የአያቴ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሌላ የፌዴራል ሕግ ግዛቶች የተመዝጋቢውን መረጃ ከመንጃ ፈቃድ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር እንዲያመሳክሩ ስለሚያስገድድ፣ በማረጋገጫ ካርድ ፈንታ ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስለዚህ ስማችሁን መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ።

ሰባተኛው ሣጥን የሚደግፉትን ፓርቲ ይጠይቃል። የፖለቲካ አመለካከትን በመንግሥት ወረቀት ላይ ማስፈር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከሚያውቅ አገር የመጣ ሰው እዚህ ላይ እጁ ቢያመነታ አይፈረድበትም። የሣጥኑ አስፈላጊነት ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን ለሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ነው፤ አንዳንድ ግዛቶች በዚያ ምርጫ የሚያሳትፉት በፓርቲው ስም የተመዘገበን ሰው ብቻ ነው። በዋናው ምርጫ ለመምረጥ ግን ፓርቲ መጥቀስ አያስፈልግም፤ እኔ ባዶ ትቼዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ዘጠነኛውን፣ የፊርማውን ሣጥን ነው። ዜጋ መሆኔን በሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ እፈርማለሁ፣ መንግሥትም ቃሌን ይቀበላል። ማስጠንቀቂያው ቀላል አይደለም፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ ቢፈርም ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚህ ፈጽሞ አይሙላው። አሪዞና ከፊርማው በተጨማሪ የዜግነት ማስረጃ ሰነድ ስትጠይቅ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በ7 ለ2 ድምፅ ግዛቶች ቅጹን እንዳለ መቀበል አለባቸው ብሎ ወሰነ። ማእከላዊው ሥልጣን በዚያ ቀን ከተራው መራጭ ጎን ቆመ።

ይኸው ሥልጣን አቅጣጫውን ሊቀይርም ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሰነድ ማቅረብ በራሱ በፌዴራሉ ቅጽ ላይ እንዲካተት ጠየቀ፤ ፍርድ ቤት አገደው እንጂ፣ ቅጹ በአንድ ጊዜ ፓስፖርት ለሌላቸው ብዙ ዜጎች የተዘጋ በር በሆነ ነበር። በዚያው ዓመት የፍትሕ ሚኒስቴር ግዛቶች የመንጃ ፈቃድና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሮችን ጭምር የያዘ የመራጮች መዝገባቸውን እንዲያስረክቡ ጠይቆ እምቢ ያሉትን ከሰሰ፤ በስድስተኛው ሣጥን ለግዛቴ ብዬ የጻፍኳት ቁጥር ማን ዘንድ እንደምትደርስ ማሰቤ አልቀረም። ስለዚህ ቅጹን የምወደው ከማእከል ስለመጣ ሳይሆን፣ ማእከሉ እንዳሻው እንዳያደርገው የታሰረባቸው ገመዶች ስላሉ ነው። የሚያስተዳድረው የምርጫ ድጋፍ ኮሚሽን አራት አባላት የሚኖሩት ሲሆን ከሁለት በላይ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሊሆኑ አይችሉም፤ ለማንኛውም ውሳኔ ደግሞ የሦስቱ ስምምነት ያስፈልጋል። አንድ ፓርቲ ብቻውን ሣጥን ሊጨምርበትም ሆነ ሊቀንስበት አይችልም ማለት ነው።

ቅጹ ሁሉም ጋ አይሠራም። ኖርዝ ዳኮታ የመራጭ ምዝገባ የላትም፣ ዋዮሚንግ አትቀበለውም፣ ኒው ሃምፕሸር ደግሞ የራሷን ቅጽ ለማግኘት እንደሚቀርብ ጥያቄ ብቻ ታየዋለች። በሌሎቹ ግዛቶች ለምትኖሩ ዜጎች ግን ያለ ማመንታት የምመክረው አገልግሎት ነው፤ አትማችሁ፣ በእጃችሁ ፈርማችሁ፣ እንደ እኔ የማብራሪያ ደብዳቤ ቢመጣባችሁ መልስ ለመላክ ጊዜ እንዲተርፋችሁ ከማብቂያው ቀን ሁለት ወር ያህል አስቀድማችሁ በፖስታ ላኩት።