ቁልፍ ወይስ መስታወት? ለሥራ ስልክ የሚመች የጽሕፈት ሰሌዳ

ቀኑን ሙሉ ኢሜይል ሲመልስ ለሚውል ሰው ከካሜራው ይልቅ የጽሕፈት ሰሌዳው ይበልጥበታል። ምርጫው በጣት የሚጫን እውነተኛ ቁልፍ ወይም ስክሪን ላይ የሚወጣ ሰሌዳ ነው።

ለመጀመሪያው ጥሩ ምሳሌ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ብላክቤሪ ኪይ 2 ነው። አውራ ጣት የቁልፉን ጠርዝ ስለሚዳስስ ዓይን ሳይከተል መጻፍ ይለመዳል። የክፍተት ቁልፉ የጣት አሻራ ያነባል፤ የፊደል ቁልፎቹም ለመተግበሪያዎች አቋራጭ ይሆናሉ። ቃላትን በራሱ የሚቀይረውን ራስ-አራሚ አጥፍቼ ለመጻፍ የምደፍረው እንዲህ ባለው ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው። የደንበኛ ስም ተለውጦ ሲላክ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

ቁልፎቹ ግን ቦታ ይወስዳሉ፤ ለስክሪኑ የተረፈው 4.5 ኢንች ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 9 ግን 6.4 ኢንች አለው። ሰንጠረዥ ወይም ውል ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የመስታወቱ ሰሌዳ ሲፈለግ ይወጣል፣ ሲያበቃ ይሰወራል። ቋንቋ ሲቀየርም ፊደሎቹ አብረው ይቀየራሉ፤ የታተመ ቁልፍ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ሌላው ጉዳይ ዕድሜ ነው። የኪይ 2 አምራች ቲሲኤል የብላክቤሪ ስልኮችን መሸጥ ያቆመው በ2020 ነው። የደኅንነት ማሻሻያ በማይደርሰው ስልክ የድርጅት ሰነድ መያዝ ደግሞ ድፍረት ነው።

ስለዚህ ልቤ ከቁልፉ ጋር ቢሆንም ዛሬ የምገዛው መስታወቱን ነው። ረጅም ደብዳቤ ሲመጣ በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ የቁልፍ ሰሌዳ ከቦርሳዬ አወጣለሁ።