ከአሮጌ ሰርቨር የተሠራው የባጃጄ ቻርጀር

የኤሌክትሪክ ባጃጄ አምስት ባለ 12 ቮልት አሲድ ባትሪ አላት፤ ድምሩ 60 ቮልት። የድሮው ቻርጀሬ ባለ ትራንስፎርመር ነበር። ለባትሪው 864 ዋት ለመስጠት ከሶኬቱ 1,250 ይስብ ነበር። ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል።

አሁን እዚሁ አዳማ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በእጁ የሠራውን ገዝቻለሁ። ከተጣሉ ሰርቨር ኮምፒውተሮች 7 ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ወደ ዝቅተኛ ቮልት የሚቀይር ክፍል) አውጥቶ በተከታታይ አያያዛቸው። እያንዳንዱ 12 ቮልት ስለሚሰጥ 84 ይሆናል። አምፔሩን 12 ላይ የሚገድብ፣ ቮልቱን ወደ 72 የሚያወርድ ቦርድ ጨመረበት። ለእያንዳንዱ ባትሪ 14.4 ቮልት ይደርሰዋል ማለት ነው። ለዚያው 864 ዋት የሚስበው 990 ገደማ ነው፤ ከሚስበው ወደ 87 በመቶው ለባትሪው ይደርሳል ማለት ነው። ለእጅ ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ውስጡን ነው። የነዚህ ፓወር ሰፕላዮች ኔጌቲቭ ከብረት ሳጥናቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሳጥኖቹ ደግሞ በኤርዝ ሽቦው በኩል ስለሚገናኙ፣ እንዲሁ በተከታታይ ቢታሰሩ ሾርት ያደርጋሉ። አንዳንዱ አቋራጭ ይፈልግና የስፒናውን ኤርዝ ይቆርጣል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ችግር ሲፈጠር ሳጥኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዞ ሰው ይይዛል። ይህ ልጅ ግን እያንዳንዱን ፈቶ ኔጌቲቩን ከሳጥኑ ለየው፤ ኤርዙን አልነካም። በቴስተር አንድ በአንድ አየሁት፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ስታኞውም (የሽቦ ብየዳው) ቢሆን አያሳፍርም።

ጉድለትም አለው። ባትሪው ከሞላ በኋላ በራሱ ወደ 68 ቮልት፣ ማለትም የሞላ ባትሪ ሳይጎዳ ወደሚቆይበት፣ አይወርድም። 72 ላይ ሲያድር የባትሪውን ውሃ ይጨርሳል። ስለዚህ በሰዓቱ የሚያጠፋ ሶኬት ገዝቼ በሱ ነው የምሰካው። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ቮልቱ ትንሽ መቀነስ አለበት፤ ባትሪው 35 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 71። ለአዳማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሙቀት ሴንሰር ስለሌለው ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በእጅ ማዞር ግድ ነው። ፊውዙም ሳጥኑ ውስጥ ተቀብሯል፤ ውጭ ቢሆን ይሻል ነበር።

ለአሲድ ባትሪ ባጃጅ ያለ ጥርጥር እመክረዋለሁ። ሊቲየም ያላችሁ እንዲሁ አትሰኩት። መጀመሪያ ለጠጋኙ የሴሎቹን ቁጥር ነግራችሁ ቮልቱን አስተካክሉት፤ ለባለ 20 ሴል ሊቲየም ፎስፌት ጣሪያው 73 ቮልት ነው።